የብረት ሠሪዎቹ መዝገብ በሲኖትራክ ተጭኖ ሲሄድ

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል የሰፈራችን ሰዎች ገንዘብ አዋጥተን ለውስጥ መንገዳችን ገረጋንቲ አስመጣን። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሰኔ ሲጠባ አዳዲሶቹን ሰፈሮች ጭቃ ይውጣቸዋል። ሲኖትራኩ መጣ፣ ቀዩን ጠጠር ዘረገፈና ሄደ። እኛም አካፋችንን ይዘን ወጣን።

ስንደለድል አንድ ጥቁር ነገር አካፋዬን ኳ አደረገው። ጡጫ ያክላል። ሳነሳው ግን ከመጠኑ በላይ ከበደኝ። አንዱ ጎኑ ቀልጦ የወረደ ሻማ ይመስላል፤ ጅማት ጅማት የሚል መስመር አለው። ሌላው ጎኑ ዝገት የመሰለ ቅርፊት ለብሷል። ጥጉ ላይ ደግሞ የተቃጠለ ሸክላ ተጣብቆበታል። የሸክላው ጫፍ ቀልጦ እንደ ጠርሙስ ያብረቀርቃል።

በሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ብረት ለሚቀጠቅጡ አንድ አዛውንት አሳየኋቸው። ከመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ማረሻ እየሠሩ ነበር። ወናፉን የሚነፋው የልጅ ልጃቸው ነው። ብረቱ ቀልቶ እንደ ብርቱካን ሲሆን በጉጠት ያወጡታል። መስፉ ላይ አጋድመው አራት አምስት ጊዜ ይመቱታል። ሲጠቁር መልሰው ፍሙ ውስጥ ይከቱታል። የሰጠኋቸውን ነገር በዓይናቸው አላገላበጡትም። በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑት።

«ይሄ ድንጋይ አይደለም ልጄ» አሉኝ። «እሳት የተፋው ነው። የዱሮ ሰዎች አፈር አቅልጠው ብረት ሲያወጡ የሚተርፈው።»

«እርስዎ ሲያቀልጡ አይተው ያውቃሉ ጋሼ?»

«እኔ አላየሁም። አባቴም በዓይኑ ያየ አይመስለኝም። ከአያቶቹ ሲነገር ነው የሰማው። የት አገኘኸው?»

«ገረጋንቲ ውስጥ።»

«ገረጋንቲውስ ከየት መጣ?»

መልስ አልነበረኝም። ለሾፌሩ ደወልኩ። ከመሸንቲ በኩልም ከሌላ ቦታም እንደሚጭን ነገረኝ። የዚያን ዕለት ከየትኛው እንደጫነ ግን አላስታወሰም። በቃ። እዚያ ላይ ክሩ ተበጠሰ።

ነገሩ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ነስቶኛል። እጄ ላይ ያለው ማስረጃ ነው። ግን ከቦታው ስለተነቀለ ዱዳ ሆኗል። እንዲህ ያለ ማስረጃ በየቀኑ እየተዛቀ ከመንገዳችንና ከቤታችን ሥር እየተደለደለ መሆኑ ነው የሚያሳስበኝ።

ቀዩ አፈር ምን ይዟል?

ከባሕር ዳር ወደ መሸንቲና መራዊ የሄደ ሰው የአፈሩን ቅላት ያውቀዋል። ነጭ ጫማ አድርጎ የማይኬድበት አገር ነው። ቅላቱ የመጣው ከብረት ነው። የጣና ዙሪያ በአመዛኙ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት ነው። ጣና ራሱ ሐይቅ የሆነው ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ የውሃውን መውጫ ስለዘጋው ነው። ባዛልት ከክብደቱ ከመቶ አሥር እጅ አካባቢ የብረት ኦክሳይድ ይይዛል። ባሕር ዳር ደግሞ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ይህ ዝናብ በብዙ ሺህ ዓመታት ድንጋዩን እያበሰበሰ የሚሟሟውን ያጥበዋል። የማይሟሟው ብረትና አሉሚኒየም ወደ ኋላ ይቀራል። ቦታው ከተመቸ ብረቱ እየተጠራቀመ ጠጠር ይሆናል፣ ቅርፊትም ይሠራል።

ዛሬ ለመንገድ የምንፈልገው ቀይ ጠጠር ከዚህ ዓይነቱ መሬት የሚዛቅ ነው። በብረት የዳበረው ጠጠር ደግሞ ለጥንት አቅላጮችም ማዕድን ነበር። ሲኖትራኩና የጥንቱ ብረት ሠሪ አንድ ቦታ ላይ የሚገናኙት ለዚህ ነው። በአጋጣሚ አይደለም። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ አፈር ነው።

የማቅለጡ ሥራ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ከጭቃ እቶን ይሠራል። ማዕድኑ ተፈጭቶ፣ አንዳንዴም አስቀድሞ ተቆልቶ፣ ከከሰል ጋር እየተፈራረቀ ይጨመራል። ከሥር በኩል የሸክላ ቱቦ ይገባል። ቱቦው የወናፉን ነፋስ እሳቱ ልብ ውስጥ ያደርሳል። ከዚያ ሰዓታት ሙሉ መንፋት ነው። ከሰሉ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ከማዕድኑ ውስጥ ኦክስጅኑን ይነጥቃል፤ ብረቱ ብቻውን ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ብረት የሚቀልጠው 1,538 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። የጭቃው እቶን ይህን ሙቀት አያገኝም። የሚደርሰው ወደ 1,200 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የሚቀልጠው ብረቱ ሳይሆን ቆሻሻው ነው። ብረቱ ቀዳዳ የበዛበት ጓል ሆኖ ውስጥ ይቀራል። ቆሻሻው ግን ቀልጦ ይፈሳል፣ ሲበርድም ይጠነክራል። ዝቃጭ የምንለው እሱን ነው። የእኔ ድንጋይ ላይ ያለው የሻማ መስመርም የዚያ ፍሰት አሻራ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው እቶኑን ሲከፍት ወርዶ፣ መሬት ነክቶ ቆሟል።

ጓሉን ደግሞ እንደገና እያጋሉ መቀጥቀጥ ነው። ውስጡ የቀረው ቆሻሻ በመዶሻ ተጨምቆ ይወጣል። አንዲት ማረሻ እስክትወጣ ድረስ ስንት ላብ እንደፈሰሰ አስቡት። ከሰሉም ቀላል አይደለም። በእኛ አገር ባህላዊ አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይነድዳል። ለአንድ ኪሎ ብረት የሚያስፈልገው ከሰል ደግሞ ብዙ ኪሎ ነው። የጣና ዙሪያ ደን ያለቀው በብረት ነው ማለቴ አይደለም። እርሻውም ማገዶውም አለ። ግን የደኑ ታሪክ ሲጻፍ እቶኑ መረሳት የለበትም።

መሬት ላይ የሚቀረው

ብረቱ ራሱ አይቆይም። ማረሻ ያልቃል፣ ማጭድ ይሳሳል፣ ጦር ይዝጋል። የተሰበረውም ተመልሶ እሳት ገብቶ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ወርቅና ብር ሙዚየም ይገባሉ፤ የገበሬ ብረት ግን እስከ መጨረሻዋ ቁራጭ ተሠርቶበት ያልቃል። ሳይጠፋ የሚቆየው የተጣለው ነው። ዝቃጩን ማንም አይፈልገውም። አይበሰብስም፣ እሳትም አይፈራም። ከሺህ ዓመት በኋላም የተጣለበት ይገኛል።

ማዕድን የተቆፈረበት ቦታም ምልክት አለው። በጥንት ጊዜ የመሬቱን ቆዳ ልጦ፣ ትንሽ ጠልቆ፣ ማዕድኑ ሲሳሳ ወደ ጎን መሄድ የተለመደ ነው። ከዘመናት በኋላ የሚታየው ተራ በተራ የተቀመጠ ጎድጓዳ ነው። ዙሪያው ከፍ ይላል፤ የወጣው አፈር ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ ከብቶች ይጠጡበታል። እረኛው ከተፈጥሮ የተገኘ ጉድጓድ ይመስለዋል።

እቶን የነበረበት ቦታ አፈሩ እንደ ገል ተጠብሶ ቀልቷል። ከሰል የከሰለበት ደግሞ በታረሰ ማሳ ውስጥ ክብ ጥቁር ቦታ ሆኖ ይታያል። በተለይ ከመጀመሪያው እርሻ በኋላ ዝናብ ሲመታው ጎልቶ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ቦታ ከማንም በላይ የሚያውቀው ገበሬው ነው። ማረሻው ሲንሸራተት፣ ጠጠሩ ሲከብደው፣ እህሉ ሲቀጭጭበት ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ዙሪያ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል። አጥራችንም ግንባችንም እሱ ነው። ጋዝ ይዞ የበረደ ባዛልት ነው፤ ሰው አልሠራውም። ላላየው ሰው ከብረት ዝቃጭ ጋር አንድ ይመስላል። ማግኔት ይለየዋል የሚሉ አሉ። አይለየውም። ባዛልቱም ውስጡ ማግኔት የሚስበው ማዕድን ስላለ ትንሽ ይሳባል። የሚለየው ክብደቱ ነው፣ የፈሰሰበት መስመር ነው፣ ላዩ ላይ የታተመ የከሰል ቅርጽ ነው፣ አጠገቡ የሚገኝ የሸክላ ቱቦ ስብርባሪ ነው። ሽማግሌው ሳያዩ በእጃቸው የመዘኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ዝቃጩ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ የብረት ኦክሳይድ ነው። ጥንት ብረቱን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ስለማይቻል አብዛኛው እዚያው ይቀር ነበር።

በዝቃጩ ውስጥ የተያዘ የከሰል ቅንጣት ከተገኘ ዕድሜው በካርቦን ይለካል። ካርቦን 14 በ5,730 ዓመት በግማሽ ስለሚቀንስ የከሰሉን ዘመን መገመት ይቻላል። ይህ የሚጠቅመው ግን ከሰሉ ከየት ቦታ፣ ከየትኛው የአፈር ደረጃ እንደወጣ ሲታወቅ ነው። ከሲኖትራክ ላይ የወረደ ከሰል ቢለካም ቁጥር እንጂ ታሪክ አይሰጥም።

ጸሐፊዎቹ ለምን ዝም አሉ?

ብረት በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ ትንሽ ነገር አይደለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱምን ያየው ነጋዴ ኮስማስ ስለ ወርቅ ንግድ ሲጽፍ አንድ ጥሩ ነገር ነግሮናል። የአክሱም ንጉሥ ወርቅ ወዳለበት ወደ ሳሱ አገር በየሁለት ዓመቱ ነጋዴዎች ይልክ ነበር። የሚላኩት በአገው ገዥ በኩል ነው። ይዘው የሚሄዱት ከብት፣ ጨውና ብረት ነው። በወርቅ የሚለወጥ ብረት ማለት ነው። ከዚያ በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አዱሊስ ወደብ ላይ ከህንድ ብረትና አረብ ብረት ይራገፍ እንደነበር የባሕር ነጋዴዎች መመሪያ ጽፏል። ብረት ከውጭም ይገዛ ነበር ማለት ነው።

ወደ መካከለኛው ዘመን እንምጣ። በእኛ ታሪክ በአመዛኙ ከዛጉዌ ነገሥታት እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ያለው ነው። ዓፄ ዓምደ ጽዮን (እ.ኤ.አ. 1314–1344) ወደ ዳሞትና ጎጃም ዘመቱ። በዚያው ክፍለ ዘመን የጣና ደሴቶች የገዳም አገር ሆኑ። ጦረኛው ጦር ይፈልጋል። ገዳሙ ለመስቀሉ፣ ለመቆፈሪያው፣ ለመጥረቢያው ብረት ይፈልጋል። ገበሬው ያለ ማረሻና ያለ ወገል አያርስም። ይህን ሁሉ የሠራ ሰው ነበር። ስሙ ግን የለም።

ስም የሚገኘው መቼ መሰላችሁ? የውጭ ሰው ሲመጣ። በዓፄ ይስሐቅ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1414–1429) ከግብጽ የመጣ አንድ ማምሉክ፣ ማለትም ግብጽን ይገዛ ከነበረው የጦረኞች ወገን የሆነ ሰው፣ ለንጉሡ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት እንዳደራጀ የግብጹ ታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ መዝግቧል። ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ ከጣና ምሥራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ ዓፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ እዚያ ከናስ ፈሶ ተሠራ፣ እስከ መቅደላም ተጎተተ። ጋፋትን ሁላችን እናውቃታለን። የሠሩትን ሚስዮናውያን ስም ቆጥሮ የሚነግር ሰው አይጠፋም። በዚያው አካባቢ ከዚያ በፊት ለዘመናት ለገበሬው ማረሻ ያወጡትን ግን ማንም አይጠራቸውም።

ምክንያቱ ይታወቃል። ብረት ሠሪው ተናቀ። ጠይብ ተባለ፣ ቡዳ ተባለ፣ ማታ ጅብ ይሆናል ተባለ። ሰው ማረሻውን አሠርቶ ወስዶ ማዕዱን ግን አያካፍለውም ነበር። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ብረት ሠሪውን ጠይብ ማለትም በአዋጁ ከተከለከሉት ስድቦች አንዱ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ቃሉ በአንዳንድ ሰፈር ዛሬም ይሰማል። እኔም ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ሳይገባኝም ብዬዋለሁ። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ንቀቱን ብቻ ብንናገር ግን ግማሹን ነው የነገርነው። ሌላው ግማሽ ርስት ነው። በዚህ አገር የቦታ ታሪክ የሚታወሰው በርስት በኩል ነው። ይህ ማሳ የእነ እገሌ ነው፣ አያታቸው ያቀኑት ነው፣ በዚህ ዋርካ ሥር ተካፈሉት እየተባለ ይቆጠራል። የወሰን ክርክር ራሱ ታሪክ ያስታውሳል። ብረት ሠሪው ግን በብዙ ቦታ ርስት አልነበረውም። ስለ ቤተ እስራኤል የሚነገረውን ብንወስድ፣ ዓፄ ይስሐቅ ድል ካደረጓቸው በኋላ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አወጁ ይባላል። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ይኖራል። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሴቷ ሸክላ ሠራች። ማዕድንና እንጨት ወዳለበት ሄዶ፣ በሰው መሬት ላይ እቶን ተክሎ፣ እንጨቱ ሲያልቅ ይነሳል። ያ ቦታ የማንም ርስት ታሪክ ውስጥ አይገባም። የሚያስታውሰው ወራሽ የለም። ያስታወሰው መሬቱ ብቻ ነው።

ቋንቋችን ራሱ ትንሽ ፍንጭ ይዟል። በግዕዝ ብረት ሐፂን ነው፤ ትግርኛም ሓጺን ይላል። ብርት የሚለው የግዕዝ ቃል ግን መዳብና ነሐስ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው የብርቱን ደጅና የሐፂኑን መወርወሪያ ለይቶ ያውቃል። አማርኛ በመካከል የመዳቡን ስም ወስዶ ለብረት ሰጠው። እዚያው መዝሙር ላይ መወርወሪያውን «ቀጥቀጠ» የሚለው ግስ ደግሞ ከቀጥቃጭ ጋር አንድ ሥር ነው። በቅኔ ማሕሌቱ የከበረው ቃል ገበያ ሲወርድ ስድብ ሆነ።

እቶኑ መቼ ጠፋ?

በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከውጭ የሚገባው ብረት እየረከሰ ሲሄድ ማቅለጡ ዋጋ አጣ። መኪና ሲመጣ ደግሞ ባሌስትራው ተገኘ። ፌሮ ተገኘ፣ ቁርጥራጭ ተገኘ። ቀጥቃጩ አፈር ማቅለጥ አላስፈለገውም። የተሰበረ መኪና ለእሱ የተዘጋጀ ማዕድን ነው። ሥራው በግማሽ ተቆረጠ፤ መቀጥቀጡ ቀረ፣ ማቅለጡ ጠፋ።

ከማቅለጡ ጋር የተያያዘው ወሬና ትዝታ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። ከጎንደርና ከጣና ሰሜን የነበሩት ቤተ እስራኤል በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሄዷል። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ዛሬም የምትታወቀው በእነሱ የእጅ ሥራ ነው። ያቺን እውቀት ከአባቶቻቸው የሰሙ አዛውንቶች ዛሬ እስራኤል አገር በየከተማው ይኖራሉ። ስልክ ደውሎ የሚጠይቃቸው ሰው ያስፈልጋል፤ ጊዜው ደግሞ እያጠረ ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ቡርኪና ፋሶ ሀብታም አገር አይደለችም። በ2019 እ.ኤ.አ. ግን የጥንት የብረት ማቅለጫ ቦታዎቿን በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት አስመዝግባለች። አምስት ቦታዎች ናቸው። 15 ገደማ እቶኖች እስካሁን ቆመው ይታያሉ። ከሁሉ የሚያረጀው ዱሩላ የሚባለው ሲሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 8ኛው ክፍለ ዘመን ይሄዳል። ያስመዘገቡት ቤተ መንግሥት ወይም ቤተ መቅደስ አይደለም። ጭቃ፣ ዝቃጭና ጉድጓድ ነው።

ወደ ሰሜን ብንሄድ ስዊድን ውስጥ ኖርበርግ አጠገብ ላፕሂታን የሚባል የመካከለኛው ዘመን ማቅለጫ ተቆፍሮ ወጥቷል። በዚያው አገር ስሞላንድ በሚባለው ክፍል ሰዎች የብረት ማዕድን ከሐይቅ ሥር ይዝቁ ነበር። ሐይቁ በበረዶ ሲጋገር በላዩ ቆመው፣ በረዶውን ሸንቁረው ያወጡታል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የድሮ የብረት ጉድጓዶች ከላይ ሲታዩ ክብ ክብ ሆነው ሜዳ ሞልተው ይገኛሉ። ዛሬ ከአውሮፕላን በሌዘር መሬቱን እየለኩ ጫካ የሸፈነውን ጉድጓድ ሳይቀር ያወጡታል። የእኛ ዓባይ ውሃ የሚያልፍበት የሱዳኑ ሜሮዌም በጥንት ዘመን ብረት የተቀለጠበት ቦታ ነው። የዝቃጩ ክምር ኮረብታ ሆኖ በዓይን ይታያል።

በጣና ዳር ተስፋ የሚሰጠኝ አንድ ቦታ አለ። ዘጌ። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሠረት የዘጌ ሰው በሬ ጠምዶ አያርስም። የሚኖረው በቡናው ነው። ስለዚህ ደኑ ቆሟል፣ አፈሩም ማረሻ አልገለበጠውም። መሬት ሳይገለበጥ ሲቆይ ከሥሩ ያለው ሁሉ እንደተጣለ ይቆያል። ዘጌ ውስጥ ብረት ቀልጧል እያልኩ አይደለም። እንዲህ ያለ ያልተነካ አፈር ባለበት ቦታ ፍለጋ መጀመር ብልህነት ነው እያልኩ ነው።

አሁን ምን ይደረግ?

ከተማዋ ትሰፋለች። መስፋቷን የሚጠላ የለም፤ እኔም ቤት የሠራሁት ትናንት ማሳ በነበረ መሬት ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። በሁለቱም በኩል ቤቱ እየተከተለው ነው። ወደ ዘንዘልማ፣ ወደ ሰባታሚት፣ ወደ መሸንቲ ያለው መሬት በየዓመቱ እየተሸነሸነ ነው። ጥያቄው እስካቫተሩ ከመግባቱ በፊት መሬቱን ያየው ሰው አለ ወይ የሚለው ነው።

ሕጉ የለም እንዳንል አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ፣ በመንገድ ወይም በግንባታ ሥራ ላይ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ሳያንቀሳቅስ ጠብቆ እንዲያሳውቅ ያዛል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ተፅዕኖ ሲል የባህል ቅርስን ይጨምራል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሾፌሩም ሆነ የእስካቫተር ኦፕሬተሩ ዝቃጭ ቅርስ መሆኑን አያውቅም። ቅርስ ሲባል ወደ አእምሮው የሚመጣው መስቀል፣ ብራና፣ ቤተ መንግሥት ነው። ማንም አልነገረውምና አይፈረድበትም። ሁለተኛ፣ ትልቁ መንገድ ጥናት ይጠናለታል፤ ሰፈር አዋጥቶ የሚያስመጣው ገረጋንቲ ግን ማንም አይጠይቀውም። አብዛኛው የሚዛቀው ደግሞ እንደዚያ ነው።

መፍትሔው ትልቅ በጀት አይፈልግም። ገረጋንቲ ማውጫ ፈቃድ ሲሰጥ አንድ ባለሙያ አንድ ቀን ሄዶ መሬቱን በእግሩ ቢዞር ብዙ ነገር ያያል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለን። ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕስ ሲፈልጉ ይከርማሉ፤ ይኸው። የጸጥታው ችግር ወደ ገጠር መውጣትን ከባድ እንዳደረገው አውቃለሁ። በከተማዋ ዳር ያለውን ግን በባጃጅ ደርሶ መመለስ ይቻላል። የልማት ሠራተኞችም አሉ። በየቀበሌው ገበሬውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «ማረሻህ የሚንሸራተትበት፣ ጥቁር ከባድ ጠጠር የበዛበት ቦታ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ቤት የምትሠሩና መሬት የምታስቆፍሩ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከበድ የሚል፣ ቀልጦ የፈሰሰ የመሰለ ጥቁር ነገር ካያችሁ፣ አጠገቡም የተቃጠለ ሸክላ ካለ፣ ባለበት ተዉት። በስልካችሁ ሁለት ፎቶ አንሱ፤ አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን አካባቢው እንዲታይ ከራቅ። የቦታውን መገኛ አብራችሁ ያዙ። ከዚያ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ አሳውቁ። እንደ እኔ ቤት ይዛችሁ አትሂዱ። እኔ ያነሳሁት የተገለበጠ ክምር ላይ ስለነበር ነው፤ ከቦታው ባገኘው ኖሮ ማንሳቴ ራሱ ጥፋት ይሆን ነበር።

ሽማግሌውን ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። በሁለተኛው ቀን የልጅ ልጃቸው ወናፉን ትቶ ድንጋዩን በሁለት እጁ ያዘ። «ይሄን ያቀለጡት እንደኛ ያሉ ናቸው?» አላቸው። «እኛው ነን» አሉት፣ ከብረቱ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

ሾፌሩ ደግሞ አሁን ገረጋንቲ በጫነ ቁጥር ቦታውን ስልኩ ላይ ይይዝልኛል። እስካሁን አራት ማውጫዎች መዝግበናል። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሣሩ ሲደርቅና መንገዱ ሲፈቅድ፣ በመሸንቲ በኩል ካለው እንጀምራለን።